ነዋሪ የለበትም

ውድ እማዬ፣

ካረፍሽ አምስት ወር ሆነሽ። በሕይወት ሳለሽ ልነግርሽ የሚገባኝን ነገር መስማት በማትችዪበት ጊዜ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ፈሪ ልጅ እንደወለድሽ መቼም ታውቂዋለሽ።

ያን ጧት ታስታውሺዋለሽ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሜትርና ችካል ተሸክመን ችግኝ ጣቢያው መጣን። ማዘጋጃ ቤቱ በእጁ ያሉትን ባዶ ቦታዎች እየለየ፣ አቅም ለሌላቸው ሰዎች ቤት ሊሠራባቸው ወስኖ ነበር፤ የመጀመሪያው አንቺ የምትሠሪበት ችግኝ ጣቢያ ሆነ። መደቦቹ መሃል ጎንበስ ብለሽ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር ትሞያለሽ። ቀና አልሽና «ኢንጂነሩ መጣ! መደቤን እንዳትረግጥብኝ፣ በጎን ዙር» አልሽኝ። ኢንጂነር አለመሆኔን፣ የሜትር ጫፍ የምይዝ ቀያሽ መሆኔን እያወቅሽ ነው። ባልደረቦቼ ሳቁ። ከመጣው ሁሉ ጋር የምትቀልጂ ሴትዮ መሰልሻቸው፤ እናቴ ናት አላልኩም።

ከመሣሪያ ማስቀመጫው ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ለካናት፤ ሦስት በአራት። ሃያ ስምንት ዓመት የኖርሽባት፣ እኔንና እህቴን ያሳደግሽባት ክፍል በማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ላይ «የዕቃ ማስቀመጫ» ትባላለች።

ደንቡ ግልጽ ነበር። በቦታው የሚኖር ሰው ካለ ያለ ዕጣ፣ በቅድሚያ ቤት ያገኛል። ነገር ግን ፋይሉ መጀመሪያ ካሳ ኮሚቴ ይገባል፤ እዚያ የገባ ፋይል ደግሞ ለዓመታት ይተኛል። አለቃችን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፋይሉ ያላለቀ ቦታ ለጨረታ ይወጣል ብሎናል። እናም ቅጹ ላይ «ነዋሪ» በሚለው ትይዩ «የለበትም» ብዬ ጻፍኩ። እማዬን ዕጣው ውስጥ አስመዘግባታለሁ፣ አይቀርባትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ይሄ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ፤ በባልደረቦቼ ፊት ያቺ ቆርቆሮ ቤታችን ናት ለማለት አፈርኩ።

የቦታው ኃላፊ ሳይፈርም ቅጹ ዋጋ የለውም፤ ኃላፊዋ ደግሞ አንቺ ነበርሽ። እጅሽን በቀሚስሽ ጠረግሽና «የቱ ጋ ነው?» አልሽኝ። በጣቴ አሳየሁሽ። ወረቀቱን ትንሽ ያዝ አድርገሽ አየሽው፣ ከዚያ ፈረምሽ።

በሁለት ወር ውስጥ ቦታው ተጠረገ። አንቺም እህቴ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ማደር ጀመርሽ፤ ለመተኛት የልጅ ልጆችሽ ቴሌቪዥን እስኪያጠፉ ትጠብቂ ነበር። እንዳሰብኩት አስመዘገብኩሽ፤ ዕጣው ሁለት ጊዜ ወጣ። ሁለቱንም ጊዜ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ አልነበርሽበትም። «ይሁን፣ የባሰበት አግኝቶ ይሆናል» አልሽኝ። እዚያው ሶፋ ላይ አረፍሽ።

ከቀብርሽ በኋላ ሁሉንም ለእህቴ ልናዘዝላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ሳታነብ የፈረመች መሰለህ? የመሠረተ ትምህርት ጎበዝ እኮ ነበረች! የዚያኑ ቀን ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀችኝም?»

«እኔም እንደሱ ብያታለሁ። ‹ልጄ ነው የጻፈው፣ ያለ ምክንያት አይጽፍም፤ ሲፈልግ ይነግረኛል› አለችኝ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እየመጣሁ አጠገብሽ ተቀምጫለሁ። ወሬ ሲያልቅብን «ግድ የለም፣ ዝም አይነቅዝም» ትዪኝ ነበር። እኔ እንዲሁ ለጨዋታ የምትዪው መስሎኝ! ለካ እየጠበቅሽኝ ነው። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል እማዬ፤ እስካሁን ሆዴን ይበላኛል።

ትናንት ለውሃ መስመር ልኬታ ወደ ሕንፃው ተላክሁ። ቤቱ ያምራል፣ አልዋሽሽም። ስልሳ ቤተሰብ ገብቶበታል፤ ባይሠራ ይሻል ነበር ማለት አልችልም። ምድር ቤት የምትኖረው የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ፣ ጭቃ የነካ ጫማዬን እያየሁ ደጃፏ ላይ ስቆም፣ «ግባ እንጂ፣ ጫማህ ምን ሆነ?» ብላ አስገባችኝ። ወለሉ ይጠረጋል፣ ይወለወላል፣ መስኮቱ ላይ አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ስትመርቅ ቆየች።

«ከሁሉ ከሁሉ ደስ የሚለኝ» አለችኝ፣ «ቦታው ባዶ ነበር አሉ። ማንም አልተነሣበትም። የሰው እንባ ያለበት ቤት አይበጅም፤ የእኛ ግን የማንም እንባ የለበትም። አይደል? አንተ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነህ፣ ታውቀዋለህ።»

ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ማንም አልነበረበትም።»

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ አንቺ ሳልጠይቅሽም ይቅር እንደምትዪኝ አውቃለሁና። አፈሩ ይቅለልሽ እማዬ።

እዚያ ቦታ ላይ የተወለድኩት
ልጅሽ