ለአንድ ማዕድ ያህል

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእህት ዓለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ጠናልሽ ወይ? ያ ትንሹ ፖስተኛስ እንቅልፍ ይሰጥሻል? ጡት ይዞ ሲያንቀላፋ ጣትሽን አልለቅም እንደሚል በስልክ ከነገርሽን ወዲህ እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ አልጠግብ ብላለች። ባለቤትሽስ ደህና ነው? አሁንም ልጁን አባብላለሁ ብሎ ራሱ ቆሞ ያንቀላፋል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ እሱን አልፈዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ እዚህ ላይ አጥፈሽ አስቀምጪውና እህል ቅመሺ። ሻይ ብቻ ጠጥተሽ በልቻለሁ እንዳትዪኝ፤ አውቅሻለሁ። ቁጭ ብለሽ፣ ትኩስ ነገር፣ እስክትጠግቢ ብዪ። ከዚያ ተመለሺ።

በላሽ?

እንግዲህ ገብቶሻል። የእሳቸው ልጅ ሆኖ ይህ ጥያቄ የሚጠፋው የለም። አባባ አርፈዋል፣ እህት ዓለሜ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከፖስተኝነት ጡረታ ከወጡም በኋላ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን ቦርሸው ፖስታ ቤት ሄዱ። ከአንቺ የመጣ ነገር እንዳለ በመስኮቱ ጠየቁ፤ አዲሷን ሠራተኛ “ማኅተሙን ቀስ አድርገሽ ምቺው፣ የሰው አድራሻ አታሳድፊ” ብለው መከሩና በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ስለነበር ሠራተኞቹ ያንቀላፉ መስሏቸው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ሲሠሩ አረፈዱ። ሐኪሙ ልባቸው ነው፣ አልተሰቃዩም አለ።

ለልጅሽ የምትነግሪው እንዲሆን የምታውቂውን ልድገምልሽ። አባባ ክፉ ወሬ የያዘውን ፖስታ ሳይከፈት ይለዩት ነበር። የእጅ ጽሑፉን ለዓመታት የሚያውቁት ሰው ደብዳቤ፣ አድራሻውን ድንገት ሌላ ሰው ጽፎት ሲመጣ፣ ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ይገቡና ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ “በላችሁ?” ይላሉ። አልበላንም ካሏቸው በልተው እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። ከዚያ ይሰጡና ይወጣሉ፤ ግን አይሄዱም። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ጎንበስ ብለው የብስክሌታቸውን ሰንሰለት ያስተካክላሉ። ያ ሰንሰለት ወልቆ አያውቅም። ውስጥ ያለው ሰው አንብቦ ሲጨርስ ብቻውን እንዳይሆን ነው። አለቃቸው “ሥራህ ማደል እንጂ ማብላት አይደለም” ብሎ ሲቆጣቸው ያሉትን እሳቸው ራሳቸው ስንቴ ነግረውናል፦ “ደብዳቤው የእኔ አይደለም፣ ላስቀረው አልችልም። ለአንድ ማዕድ ያህል ግን ላቆየው እችላለሁ።” ከዚያ በላይ አንድም ቀን አላቆዩም።

በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ከዚያ ጥያቄ ጋር ተጣልቶ ቀረ። የአናጢው ልጅ ሰርግ ትዝ ይልሻል? አባባ በደግነታቸው አናጢውን “በላህ ወይ?” ቢሉት ሰውዬው ሳህኑን ለቆ “ማን ሞተ?” ብሎ ጮኸ፤ ሙዚቃው ቀጥ አለ። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም በላህ እንዳይሉ ከለከለቻቸው። እኛን እንኳ ለምሳ ሲጠሩን “ሳህኑ ቀርቧል” ነበር የሚሉት። ይህን ስጽፍ ሳቄ መጣ። ልቅሶው ነው እምቢ ያለኝ።

የአባባን ሞት ለእኔ የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ባሏ የሞተባት ጊዜ አባባ ዳቦ አብልተው ደብዳቤውን የሰጧት ጎረቤታችን። ማተሚያ ቤት ድረስ መጣች። እኔ የመጽሐፍ ጀርባ ሙጫ እየቀባሁ ነበር። በፌስታል የያዘችውን ዳቦ ጠረጴዛዬ ላይ አድርጋ “የኔ ልጅ፣ በልተሃል?” አለችኝ። አልበላሁም አልኳትና ወዲያው ገባኝ። እንደገባኝም ገባት። በላሁ። ስጨርስ ነገረችኝና በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ የቦርሳዋን ማሰሪያ ስትፈታና ስታስር ቆየች። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን መጽሐፍ ቀብቼ ጨረስኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነኝ። ሰው ሲያለቅስ ወንበር አቀርባለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ በር እከፍታለሁ። ሰውነቴ የተውሶ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አጎታችን “አራስ ናት፤ ከደነገጠች ወተቷ ይደርቃል፤ ልጁ ጥርስ ያውጣና ትስማ” ብሎ ቤቱን ሁሉ አስማለ። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ስለሚሳሳልሽ ነው። እሑድ ደውለሽ “አባባን አቅርቡልኝ፣ የልጁን ድምፅ ይስሙ” ስትዪ “ወጥቷል” ያለሽ እሱ ነው። ቀጥሎ የሆነውን አላየሽም። እማዬ ስልኩን ከእጁ ወስዳ የአባባ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ልጅሽ አልቅሶ እስኪበቃው ሁላችንም ቆመን ሰማን፤ ማንም አላነሳውም። ኋላ መስመሩ ጥሩ አይደለም ተብሎ ተዘጋብሽ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን እያደር የሚወፍረው ውሸቱ ሆነ። ጥርስ እስኪያወጣ! ምን ዓይነት ማዕድ ነው እሱ? አባባ የማንንም መርዶ ኪሳቸው ሳያሳድሩ ኖረው፣ የራሳቸው ሞት ከገዛ ልጃቸው ሲደበቅ እንዴት ዝም ልበል? ወተትሽን ፈርቼ ሁለት ሌሊት አመነታሁ፤ አሁንም እፈራለሁ። ለእማዬ ነገርኳት። እሷም “መጀመሪያ እንድትበላ ጻፍላት” አለችኝ። በስልክማ ገና በላሽ ወይ ስልሽ ትጮሂ ነበር።

እማዬ ሁለታችሁንም ሳም ሳም አድርጋችኋለች፤ ከጠዋቱ ሾርባ አትለዪ ትላለች። አጎታችን ምን እየጻፍኩ እንደሆነ ሳያውቅ ሰላም ብሎሻል፤ ሲያውቅ ይቆጣኛል፣ ይቆጣኝ። ልብስ ሰፊዋ ለልጁ ኮፍያ እየሰፋች ነው፤ የራሱን ልክ ላኪላት። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ዛሬ ልጁን እሱ ይያዘው። የአባባ ሰላምታ ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ነበር የሚገባው፤ “ቴምብሩን አታጣምሚ በላት” ይሉኝ ነበር።

ብስክሌታቸውን ከጓዳ አውጥቼ በሩ ላይ አቁሜዋለሁ። አንብበሽ እስክትጨርሺ፣ ከዚያም አልቅሰሽ እስኪወጣልሽ ድረስ አልሄድም። ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ሰንሰለቱን እያስተካከልኩ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤታችን ደጃፍ
ዓርብ ከሰዓት በኋላ