ሳትገባ ውስጥ ስለተገኘችው ኤምፒ ፎር

ለክቡር የማተሚያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደተሟላ፣ ወንበርዎ እንደሞቀ፣ መኪናዎም ኮፈኗ እንኳ ሳይከፈት በዋናው በር ሰተት ብላ እንደምትወጣ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከእርማት ክፍል መጨረሻ፣ መስኮቱ ሥር የምቀመጠው ሴት ነኝ። ባለፈው ሰሞን በአዳራሹ መድረክ ላይ እጄን ጨብጠው የዓመቱ ትጉህ ሠራተኛ ብለው የሸለሙኝ እኔን ነበር። በዕለቱ አፌ ተሳስሮ አንዲት ቃል ስላልወጣኝ፣ እነሆ ዛሬ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ በሚያነቡት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ለሽልማት የበቃሁት በምሳ ሰዓት እንኳ ከጠረጴዛዬ ስለማልነሳ መሆኑን በድምፅ ማጉያ አንብበውልኛል። እውነት ነው፣ አልነሳም። የማልነሳው ግን ሥራ ወጥሮኝ ሳይሆን መሳቢያዬ ውስጥ የታሰረች አንዲት ኤምፒ ፎር ስላለችኝ ነው። ይህን ትጋት ካሉት፣ እስረኛ ጠያቂ ሁሉ ትጉህ ነው።

ዕቃዋ የመዳፍ ግማሽ የምታህል፣ ጥግና ጥግዋ የተፋቀ፣ ዘፈን የምታጫውት፣ ቪዲዮም የምታሳይና የምትቀርጽ ናት። የገዛኋት አውቶቡስ ውስጥ ከሾፌሩ የዘፈን ምርጫ ለማምለጥ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ልብስ ሰፊው አባቴ በስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ሲያንጎራጉር አየሁትና ቀረጽኩት። አባቴ ድምፁ አያምርም ነበር፤ ራሱም ያውቀዋል፤ ግን ጨርቅ እጁ ከገባ ዝም ማለት አይሆንለትም። በዚያው ዓመት አረፈ። እናቴ ደግሞ ዓይኗ እየደከመ ሄዶ ጭራሽ ማየት ተሳናት። ምስሉን ለእኔ ተወችልኝ፣ ድምፁን ግን ወሰደችው። አመሻሽ ላይ ኢርፎኑን ጆሮዋ ላይ ስትሰካ ጎረቤት ቢመጣ፣ ዘመድ ቢደውል፣ ሰው የለም ነው መልሱ።

አሁን ክቡርነትዎን ከብዙ ሥራዎ እያስተጓጎልኩ አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አንደኛ፤ የኢርፎን መሰኪያዋ ላልቶ በአንድ ጆሮ ብቻ ማሰማት ሲጀምር፣ የማተሚያ ቤታችን ኤሌክትሪሺያን በምሳ ሰዓት ልበይድልሽ ስላለኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ይዣት መጣሁ። እሱም እንዳለው በየዳት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የእርስዎ አዲሱ የፍተሻ መመሪያ ሥራ ጀመረ። መመሪያው የምናትመውን ምስጢራዊ ወረቀት ከሌባ ለመጠበቅ የወጣ መሆኑ ተነግሮናል፤ እግዜር ይስጥልን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲገባ በር ላይ ይመዘገባል፣ ያልተመዘገበ አይወጣም። የእኔዋ ጠዋት ገብታ ነበርና አልተመዘገበችም። የጥበቃ ኃላፊው ነገሩን እንደ አስተማሪ ታግሰው አስረዱኝ፤ መዝገቡ ላይ ስለሌለች አልገባችም፣ ያልገባ ነገር ደግሞ አይወጣም። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ያልገባችው ኤምፒ ፎር ውስጥ ሆና አባቴን ታዘፍናለች ማለት ነው። ተአምር ሲሆን አይቶ ዝም ማለት ስለማይገባ ነው የጻፍኩት።

ሁለተኛ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ዕቃዋ የእሷ ናት፣ በገዛ እጄ በይጃታለሁ ብሎ መሰከረልኝ። ኃላፊው በጥሞና አዳመጡትና፣ እንግዲያውስ በድርጅቱ የመበየጃ ቆርቆሮና በድርጅቱ ሰው እጅ ተሠርታለች፣ የድርጅቱ ንብረት ልትሆን ትችላለች ብለው ጉዳዩን ለጥናት አስተላለፉት። የምስክሬ ውለታ ይኸው ነው። ከብዙ ውትወታ በኋላ አንጀታቸው ራርቶ መፍትሔ ነገሩኝ። ኤምፒ ፎሯን ጠዋት በበሩ ይዤ ብገባ በደንቡ ይመዘግቡልኝና ማታ ይዤያት እወጣለሁ። ለመግባት መጀመሪያ መውጣት አለባት ብላቸው፣ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም አሉኝ። ደብቄ እንዳላወጣት ደግሞ ፈታሿ እህታችን ሥራዋን ወዳድ ናት፤ ጠጉሬን ሳይቀር ትዳብሳለች። የጥራዝ ክፍሏ ባልደረባችን የራሷን መቀስ ይዛ ልትወጣ ስትል ተይዛ ከሥራ መታገዷንም አንረሳውም።

ሦስተኛ፤ ድምፁን ብቻ ወደ ሌላ ነገር ልገልብጥ ብዬ ነበር። የኮምፒውተሮቻችን መሰኪያዎች በሙሉ በጥራዝ ሙጫ ተደፍነው ስላገኘኋቸው ለጥንቃቄዎ ያለኝ አድናቆት ጨመረ። ቢቸግረኝ በምሳ ሰዓት እቤት ደውዬ፣ ድምፅ መቅረጽ የማይችለውን አሮጌ ስልኬን ኤምፒ ፎሯ ላይ እደቅን ጀመር። እናቴም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አባቴን በሩቁ ትሰማው ነበር። የድርጅቱን ምስጢር አላወጣሁም፤ የወጣ ምስጢር ቢኖር አባቴ ቃና እንደማይችል ብቻ ነው። ይህም ብዙ አልቆየ፤ ስልክ በር ላይ ተቀምጦ ይገባ ተባለ። ፈጥነው ስለደረሱብን እናመሰግናለን።

ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ትቼ አዳምጣለሁ፣ አመሻሽ ላይ እቤት ገብቼ ለእናቴ እዘፍንላታለሁ። የት ላይ እንደሚሳሳት፣ የት ላይ ክር በጥርሱ ሲበጥስ ዜማው እንደሚቋረጥ አጥንቼዋለሁ። እናቴ ጥቂት ታዳምጥና ታስቆመኛለች፤ አባቴ ይህን ያህል አሳምሮ ዘፍኖ አያውቅም ትለኛለች። ሆን ብዬ ሳበላሸው ደግሞ አታላግጪበት ብላ ትቆጣለች። በዚህ ዕድሜዬ አባቴን መምሰል አቅቶኝ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

አራተኛ፤ በዚህ መሐል ትጋቴ ዘንድዎ ደረሰና ሁለት ነገር ሸለሙኝ። አንዱ ከከተማው ማዶ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት መዛወር ነው፤ አሳንሰር ያለበት፣ ወንበሩ የሚሽከረከርበት፣ ከዚህ ወጥቼ የማልመለስበት። እንቢ ማለት እንደማይቻልም ተነግሮኛል። ሌላው በጥብጣብ የታሰረ አዲስ ኤምፒ ፎር ነው፤ ስክሪኑ ሰፊ፣ ሆዱ ባዶ። እሱ የእርስዎ ማኅተም ስላለበት ጥበቃዎቹ ሰላምታ ሰጥተው አሳለፉት። እኔም በማግሥቱ ኃላፊው ዘንድ ቀርቤ፣ አዲሱን ልመልስና አሮጌዋን ልውሰድ፣ አንድ ገብቶ አንድ ቢወጣ ምን ይጎድላል ብዬ ለመንኩ። አዲሱ በሽልማት መዝገብ ስለወጣ ተመልሶ ሊገባ አይችልም፣ አሮጌዋም መጀመሪያውኑ የለችም አሉኝ። የሌለችን ዕቃ ለመለወጥ በመሞከሬ አፈርኩ።

መላው ቢጠፋኝ እናቴን በታክሲ አምጥቼ ከጓሮው አጥር ውጭ አስቀመጥኳት። በምሳ ሰዓት ኤምፒ ፎሯን ይዤ ከውስጥ ቆምኩና የኢርፎኑን ገመድ በፍርግርጉ አሳልፌ ሰጠኋት። ዕቃዋ ውስጥ፣ ጆሮዋ ውጭ፤ ደንቡን ነክተናል አልልም። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ሲጀምር የእናቴ ፊት እንዴት እንደፈካ ባዩት። አንድ ዘፈን እንኳ ሳይጨርስ ኃላፊው ደረሱብን። ገመዱን ከዚያም ከዚህም መረመሩና የዕቃዋ አካል በመውጣት ላይ መሆኑን አረጋገጡ። በትሕትና ነው ያሉኝ፣ አልዋሽም። ገመዱን መልሼ ሳብኩት። እናቴም የፍርግርጉን ብረት እንደያዘች ወደ እኔ ዞራ፣

"አንቺስ ትወጫለሽ። እሱን ለማን ትተሽው ነው?" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዋን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ቢሰጡልኝ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን በማግሥቱ ፍርግርጉን በቆርቆሮ ስላስሸፈኑት፣ አጥሩ ሥር ስትቀመጥ ፀሐይ ለሚመታት እናቴ ጥላ ስለሆናት፣ በቤተሰባችን ስም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ዓመታት በታማኝነት ካገለገለችው፣ ወጥታ እንኳ ውስጥ ከምትቀረው፣ ከማይመለስበት ደረጃ ላይ ለመድረስ በመታደሏ ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ ከማይወስዳት፣

የእርማት ክፍል ትጉህ ሠራተኛዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ የዛሬው የመሸኛ ሥነ ሥርዓት ላይ ተሸላሚዋ አጭር ንግግር ታደርጋለች ተብሎ ግቢው ውስጥ ማይክሮፎን ተተክሏል፣ ማጉያዎቹም ከጣሪያው ላይ መንገዱን ሁሉ ይሞላሉ። ይህን ደብዳቤ የምለጥፈው ወደ መድረኩ በምሄድበት መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ሲያነቡት ሁሉም ነገር አልፏል። ንግግር አላደርግም፤ ኤምፒ ፎሯን ማይክሮፎኑ ላይ እደቅናለሁ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው የስፌት መኪና ሲንኳኳ ከሰሙ ማጉያው ተበላሽቶ አይደለም፤ መጥፎ ዘፈን ከሰሙም አባቴ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ መርፌ ክር ታስገባለት ዘንድ እናቴን ይጠራታል። በተቀረጸ ቀን ገበያ ሄዳ ስለነበር መልስ አላገኘም። ዛሬ ግን ከጓሮው አጥር ማዶ ባለው ፌርማታ ላይ ተቀምጣለች። እንግዲህ ከቆርቆሮው ጀርባ "አቤት" የሚል የሴት ድምፅ ሰምተው ከሆነ፣ በበሩ በኩል ስላልገባ፣ መዝገቡ ላይ ይፈልጉት ዘንድ ጥበቃዎቹን አያድክሙብኝ።