ያልታየው አራተኛ ጥቅል

«ይልማ፣ ያ የጠፈር ፊልምህ እየተንቀራፈፈ ሄዶ ሄዶ፣ ሴትዮዋ ማታ ትጠይቃለች፣ ጠዋት መልስ ይመጣላታል፤ አለቀ። ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶህ፣ ዩኒቨርሲቲ በጥሰህ፣ በዚህ መፍዘዝህ አፈርኩብህ።»

ይህን ቃል በቃል የገለበጥኩት ኅዳር 9 ቀን ከጻፉልኝ ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ይድረስ ለተከበሩት ወንድሜ ለጋሼ ደምሴ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም እንዴት አደረገዎት? የጅማ ዝናብ አባራ? እትዬ አስካለስ ደህና ናት? እኔ፣ ፀሐይና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ተናድጃለሁ እንጂ አልታመምኩም። ንዴቱም ቢሆን ከቅዳሜ ወዲህ ወደ ደስታ ተለውጧል፤ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ጥቅምት ላይ መጥተው በመሥሪያ ቤታችን ክበብ አብረን ያየነው ፊልም እስካሁን እኛው ጋር ነበር። ጥር ሲገባ ልመልሰው ስል፣ እንደ ልማዴ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። አምስት የቆርቆሮ ሣጥን፣ አምስት ጥቅል ፊልም። የአራተኛው ሣጥን ማሸጊያ ወረቀት አልተቀደደም! እኛ ያየነው አራቱን ብቻ ነበር።

ፊልም የሚያሳየውን ልጅ፣ ወንድሙ የሚባለውን፣ አስጠርቼ ጠየቅኩት። ምንም አላፈረም። «ጋሼ ይልማ፣ እሱ ውስጥ እኮ ምንም የለም። ሴትዮዋ ተቀምጣ ነው የምትውለው። ሰው ያፏጫል» አለኝ። አንተ በምን አወቅህ ብዬ ብጠይቀው፣ ፊልሙን ከእሱ በፊት ያሳዩት ባልደረቦቹ እንደነገሩት አስረዳኝ። ለካስ የትኛው ጥቅል እንደሚዘለል ከከተማ ከተማ ይቀባበላሉ።

ሴትዮዋ ከተራራ ላይ ወደ አንድ ኮከብ በሬዲዮ ጥሪ መላኳን ያስታውሳሉ። መልሱ የሚደርሰው ግን በማግስቱ አይደለም፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሥራ ዘጠኙ ዓመት ያለው አራተኛው ጥቅል ውስጥ ነው። እርስዎ ሠላሳ ዓመት በዳኝነት የኖሩ ሰው ነዎት። ዋናው ምስክር ሳይሰማ ፈረዱ።

ፊልሙ ሙሉውን እንዲታይ የክበቡን ሊቀመንበር ጓድ ደረሰን ጠየቅኩ። ጥቅምት ላይ ሰው አጉረምርሞ ስለነበር የቅዳሜውን ሰዓት ለካራቴ ፊልም ሊሰጠው አስቦ ኖሯል። የቅዳሜው የፊልም ፕሮግራም ስድስት ዓመት የደከምኩበት ነው። በመጨረሻ ተስማማን፤ ከተመልካቹ ግማሹ አቋርጦ ከወጣ ፕሮግራሙ ይዘጋል፣ እኔም የአዳራሹን ቁልፍ አስረክባለሁ። ይህንኑ ጽፌ ፈረምኩ።

ጥር 22 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አንድ መቶ አርባ ሦስት ሰው ገባ። በር ላይ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። ወንድሙ አጠገብ ወንበር አስቀምጬ አራተኛውን ጥቅል በዓይኔ ፊት አስገጠምኩት። ሴትዮዋ መስኮቱን ትወለውላለች፣ ሻይዋን ታፈላለች፣ የሬዲዮውን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ ምንም የለም። በረዶው ይወርዳል፣ ይቀልጣል። እንደገና መስኮቱን ትወለውላለች። ከኋላ አንዱ «ወንድሙ፣ ማሽኑ ቆመብህ እንዴ?» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ፉጨት ተጀመረ። ስድስት ሰዎች ተነሥተው ወጡ፤ ቀጥሎ ሌሎች ስድስት። እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ጨብጦ ነበር።

የክበባችንን ሻይ የሚያፈሉት ወይዘሮ ገበያነሽ ሁልጊዜ በር ላይ ቆመው ነበር የሚያዩት። የዚያን ቀን ገብተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ደብዳቤ የለም። ከፊታቸው አንድ ጎልማሳ ሊወጣ ሲነሣ ኮቱን ያዝ አደረጉና፣ በሹክሹክታ መናገር አያውቁበትምና፣ ሁላችንም እየሰማን «ተቀመጥ ወንድሜ፤ መጠበቅ እኮ እንዲህ ነው» አሉት።

ሰውዬው ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አልወጣም፤ አንድም ሰው አላፏጨም። የሴትዮዋ ፀጉር ሲሸብት እዚያው አየነው። አምስተኛው ጥቅል ላይ ያቺ ትንሽ ድምፅ ከማዳመጫው ስትመጣ፣ ጥቅምት ላይ እርስዎ ያዛጉባት ያቺው ድምፅ፣ አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሣ። ጋሼ፣ ሰው ለኳስ ነው እንዲያ የሚጮኸው። ወይዘሮ ገበያነሽ ግን አልጮኹም። ነጠላቸውን አስተካክለው ሻያቸውን ሊያፈሉ ወጡ። ሲመለሱ ለእኔ ስኳር የበዛበት አመጡልኝ።

እስከ መጨረሻው የቆየው ሰው አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ነው። ጓድ ደረሰ የፈረምኩትን ወረቀት ራሱ ቀደደውና፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብለው ላሉት ለቡሹሎ ሰዎች ይደገም ብሎ አዘዘ፤ አምስቱም ጥቅል ብሎ ጭምር። ወንድሙም አራተኛውን እንዳይዘሉት ለባልደረቦቹ እጽፋለሁ ብሎኛል።

መፍዘዝ ላሉት ነገር ይህን ልጨምር። እኔ በየማለዳው ሐይቅ ዳር ወርጄ የውኃውን ከፍታ እለካለሁ። በወር አንድ ጣት ቢለወጥ ነው። ሐይቁ ሲያብጥ አይታይም፤ ካበጠ በኋላ ግን ማሳ ይውጣል። እነዚያ ቀስ ያሉ የድሮ ፊልሞች ያስተማሩኝ ይህንኑ ማየት ነው። ሥራዬ ነው፣ አላፍርበትም።

እትዬ አስካለን በእኔ ስም ሳሙልኝ። ልጅዎ ፅጌ ለፈተናዋ ትበርታ። ጎረቤቶቻችሁን አቶ ባዬንና ተዋበችንም እንዴት ናችሁ በሉልኝ። ፀሐይ እጅ ትነሣለች፤ ደብዳቤው እንዳይከርር ለምናኝ ነበር፣ ይህም እንኳ የለዘበው ነው።

ፊልሙን ሙሉውን ለማየት መምጣት ይችላሉ፤ አልጋዎ ተነጥፏል። ባይመጡም ፍርድዎን አንሥተው፣ «አፈርኩብህ» የምትለዋን ሰርዘው፣ በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። በሰው አፍ የሚመጣ መልስ አልቀበልም። ያቺ ሴት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለች። እኔ የምጠብቀው እስከ የካቲት 20 ቀን 1974 ዓ.ም. ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ ይልማ
አዋሳ፣ ጥር 25 ቀን 1974 ዓ.ም.