ለጫጩቶቹ የመረጥሽው ሲሪንጅ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ እኔ ግን ለአንቺ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ቀጥታ ያለሁበትን ልንገርሽ። አሁንም በዚህ በሰው አገር፣ ሼክ ኑር ሰፈር ያለችው የኪራይ ክፍላችን ውስጥ ነኝ። በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩሱ ሲብስ ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ወደ ድንበር ሸሹ። ግንባታ ቆሟል። አንዳንድ ቀን የሰው የፈረሰ ግድግዳ እጠግናለሁ፤ ሌላውን ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ቀሚስሽን ከተሰቀለበት አላወረድኩትም።

የምጽፍልሽ ግን የቤት ወሬ ለመንገር ብቻ አይደለም። የደበቅሁሽ ነገር አለ።

በቀቀኖቹን ያመጣሁ ቀን ትዝ ይልሻል። ለጭቃ የሚሆን አፈር ፍለጋ ከከተማ ወጥቼ አንድ ትልቅ ኩይሳ በዶማ ስንድ፣ ከውስጡ ሦስት ጫጩቶች ወጡ። ላባ የላቸው፣ ዓይናቸው ገና አልተገለጠ። እናታቸው ከላይ እየጮኸች ትዞራለች። ቤታቸውን ያፈረስኩት እኔ ነኝና ትቻቸው መምጣት አቃተኝ። አንቺ ስታያቸው ተቆጣሽ። «እኛ ራሳችን ምን በልተን ነው?» አልሽኝ። ይህን እያልሽ የእኔኑ አሮጌ ሹራብ ቀደሽ ካርቶን ውስጥ አነጠፍሽላቸው።

ከምታጸጂበት ክሊኒክ ነርሷ መርፌያቸው የተነቀለ ሁለት ሲሪንጆች ሰጠችሽ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ መካከለኛ። የበቆሎ አጥሚት አቅጥነሽ በጨርቅ ታጠያለሽ፤ ሙቀቱን ክንድሽ ላይ አንጠባጥበሽ ትለኪያለሽ። ከዚያ የሲሪንጁን ጫፍ በመንቁሩ በግራ በኩል አስገብተሽ ወደ ቀኝ ታዘነብያለሽ። ጫጩቱ አንገቱን እየነቀነቀ ሲውጥ ትገፊያለሽ፣ ሲያቆም ታቆሚያለሽ። አንገቱ ሥር ያለችው ከረጢት ሞላ ስትል ይበቃዋል። «ወፍራሙን እንዳትነካው፤ ይይዝና ድንገት ይለቃል» ብለሽኝ ነበር።

አንድ ቀን ውኃ ልትቀጂ ወጥተሽ ቆየሽ። ጫጩቶቹ መጮኽ ሲያበዙብኝ እኔው ላብላቸው አልኩ። በመካከለኛው ሦስቴ አራቴ መቅዳት ሰልችቶኝ ወፍራሙን አነሣሁ። መግፊያው ያዘብኝ። በአውራ ጣቴ ጠንከር አድርጌ ስጫነው ያለው ሁሉ በአንዴ ጫጩቱ ጉሮሮ ውስጥ ገባ። አጥሚቱ በአፍንጫው ወጣ። ሁለቴ አፉን ከፈተና እጄ ላይ ቀረ።

ሲሪንጁን አጥቤ ቦታው መለስኩት። ስትመጪ «ሳየው ሞቶ አገኘሁት» አልኩሽ።

አንቺ ራስሽን ወቀስሽ። ማለዳ አጥሚቱን የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ የመካከለኛውም ላስቲክ ማርጀት ጀምሮ ነበር። «አንቆት ነው፤ እኔ ነኝ የገደልኩት» ብለሽ ጫጩቱን በጨርቅ ጠቅልለሽ አለቀስሽ። ያኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ የሺዬ። በማግስቱ ተኩሱ ጋብ ሲል፣ ለቀሩት ሁለቱ ደህና ሲሪንጅ ካልገዛሁ ብለሽ ሃያ ስድስት ጁን ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተነሣሽ። «ተጠንቀቂ» ብቻ ብዬ ሸኘሁሽ።

ሐረር ያደገችው የመድኃኒት ቤቷ ፎዚያ ኋላ ለልቅሶ መጥታ እንደነገረችኝ፣ አራት ሲሪንጅ ደርድረሽ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠይቀሻታል። እያንዳንዱን ውኃ እየሞላሽ በመዳፍሽ ላይ ጠብ ስታደርጊ ነበር። አንዱን «ይሄ ይዘላል» ብለሽ መለስሽ። ሌላው ጫፉ ስለታም ነው፣ አፉን ያቆስለዋል አልሽ። ሦስተኛው አንድ ጊዜ የሚገፋው ለጫጩት በዛብሽ። መጨረሻ ላይ ትንሿን፣ ላስቲኳ ሳይንቀራፈፍ የሚሄድላትን መረጥሽ። «ወላሂ፣ ለሰው ልጅ መድኃኒት ሲገዛ እንኳን እንደዚያ የመረጠ አላየሁም» አለችኝ ፎዚያ። «ደስ ብሏት ወጣች።»

መድፉ የወደቀብሽ ቤታችን ለመድረስ ሁለት መንገድ ሲቀርሽ ነው። ሲሪንጇን በሻርፕሽ ጫፍ ቋጥረሻት ነበር። አልተሰበረችም።

ቄስ አልነበረም። አራት የአገራችን ልጆች ተሸከምንሽ፤ አንደኛው የሚያውቀውን ያህል ጸሎት አደረሰ። ተኩሱ ስለጀመረ አፈሩን እንኳን በወጉ ሳንደለድል ተመለስን። እቤት ስገባ ከሁለቱ ጫጩቶች አንዱ ሞቷል፤ ቀኑን ሙሉ ያበላቸው ሰው የለም። ያን ዕለት ተቀምጬ አንቺ በመረጥሻት ሲሪንጅ የቀረውን አበላሁት። ሲሪንጇ አንድ ጊዜም አልዘለለችም። አደገልሽ። ክንፉ አረንጓዴ፣ ሆዱ ብርቱካን መሰለ። ባለፈው ወር በመስኮት ወጥቶ አልተመለሰም። ቢመለስ ብዬ ጥቂት ቀን ጠበቅሁ፤ ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁ።

ነገ ወደ ጅግጅጋ በሚሄድ መኪና እሳፈራለሁ። ከዚያ ደሴ፣ እናትሽ ዘንድ። ለእትዬ ብርቄ ወደ ሥራ ስትሄድ ሞተች ብዬ ነበር የላክሁባቸው። ፊታቸው ቁጭ ብዬ ከነውሸቴ እነግራቸዋለሁ። ከቤት ቢያስወጡኝም እውነታቸው ነው። በሰፈርሽ ደብር ፍትሐትሽ እንዲደረግ እጠይቃለሁ፤ ያለ ፍትሐት መቅረትሽ ሲከነክነኝ ኖሯል።

የሺዬ፣ እንዴት ሞተች ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጦርነቱ ወሰዳት ብል ማንም አይጠራጠርም፤ ውሸትም አይሆንም። እኔ ግን በኖርኩበት ሁሉ፣ ያላጠፋችውን ጥፋት የራሷ መስሏት ልታርም ወጥታ ነው የሞተችው ብዬ እናገራለሁ፣ እንደዚያም አስብሻለሁ።

ባልሽ ታደሰ