የጠመኔ ምልክቴን በጥቁር ቀለም ላስዋቡልኝ

ለተከበሩ የባቡር ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የእኔን እንቅልፍ የማይመስል እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቦይለር ስጠግን ወገቤ የጎበጠ የድርጅቱ ጡረተኛ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሳለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሞ የዛገውን ትልቁን የእንፋሎት ባቡር ለድርጅቱ በዓል እሑድ ጠዋት ለማስነሣት ሲወስኑ፣ እኔን ከቤቴ አስጠርተው በአማካሪነት ስላከበሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ምክሬን አንድም ቀን ባለመስማትዎ ደግሞ ከብዙ ድካም ስላዳኑኝ እግዜር ይስጥልኝ። ይሁን እንጂ ጥቂት ቅሬታዎቼን በአደባባይ ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ሁለት ዓመት ለሚፈጅ እድሳት ስድስት ሳምንት ስለሰጡን። ክሬናችን ቦይለሩን የማንሳት አቅም ስለሌለው ከሥሩ በደረታችን እየተሳብን ሠራን። ከቦይለሩ መቶ ሰማንያ ቱቦዎች ስልሳ አንዱን ለወጥን፤ የቀሩትን የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ሥራውን ያስተማሩን ሽማግሌዎችም አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። ይህን በጽሑፍ ባመለክት፣ የቀረውን ቀለም ይሸፍነዋል የሚል መልስ ጽፈው አስቀውኛል።

ሁለተኛ፣ ቦይለር እሳት ከማየቱ በፊት ለፍተሻ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን በፓምፕ እናስጨንቀዋለን። ውሃ ደካማ ቦታ ካገኘ ያንጠባጥባል፤ እንፋሎት ግን ሰው ይዞ ይሄዳል። ፓምፕ እንዲገዛልን ብንጠይቅ የናስ መወልወያ ላኩልን። የባቡሩ ደወል አሁን እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፣ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ የእሳት ማንደጃው ግድግዳ በብዙ መቶ ብሎኖች የተያዘ ነው። እያንዳንዱን በትንሽ መዶሻ መታ እናደርገዋለን፤ ጤነኛው ይጮሃል፣ የተሰበረው ድምፁ ይታፈናል። በታፈነው ላይ በጠመኔ መስቀል እናሰምራለን። ያንን መስቀል ያሰመረው ሰው ራሱ ብሎኑን ሲቀይር ካልሆነ ማንም አያጠፋውም፤ ስለዚህ በእኛ ዘንድ ንጹሕ ግድግዳ ማለት የተጠገነ ግድግዳ ማለት ነው። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ መስቀል አስምሬ ብሎኖቹን ሳልቀይር ለሌላ ሥራ ወደ ሌላ ጣቢያ ተላክሁ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት አለቃ እንግዳ ይመጣል ብለው ግድግዳውን አስጠረጉት። እሳት አንዳጁ ታላቅ ወንድሜ ገብቶ አየ፤ ንጹሕ ነው። ወንድሜ ጨርሶልኛል ብሎ እሳቱን ለኮሰ። አስከሬኑን እንዳላይ ሳጥኑ ተዘግቶ ነው የተሰጠኝ።

ዘንድሮ አሥራ አራት መስቀል አሰመርኩ። በማግሥቱ ጥቁር ቀለም አስቀቡት። ደግሜ አሰመርኩ፣ ደግመው አስቀቡት። አቤት ትጋት! የእሑዱ እሳት አንዳጅ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የዚያው የወንድሜ ልጅ፣ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት። ባለፈው ሳምንት ገብቶ ግድግዳውን አይቶ ወጣና፣ አጎቴ ጨረስክልኝ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

አራተኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም፣ ሪፖርት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ወጥቶ ወርክሾፑ ጭር ሲል፣ ከማንደጃው ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ሰባቴ ይጮሃል፣ ስምንተኛው ይታፈናል። ቀለም ቀቢዎ ይህንኑ ሰምቶ ብሩሹን ጥሎ እንደሄደ አልተመለሰም። እኔ ግን ጭንቅላቴን አስገብቼ አየሁ። ማንም የለም። አዲሱ ቀለም ላይ ግን አንድ የጠመኔ መስቀል አለ። የእኔ እጅ አይደለም ለማለት እደፍራለሁ፤ የማን እንደሆነ ለመናገር ግን እፈራለሁ።

ለሰጡኝ ክብር፣ ላላነበቧቸው ማስታወሻዎቼ፣ እንዲሁም የድሮውን ስህተት ያለ አንዳች ማሻሻያ ጠብቀው ስላቆዩልን በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ እሑድን በጤና እንዲያዩት፣ ሰኞንም እግዜር እንዲጨምርልዎ የምመኝ፣

የቀድሞው ቦይለር ጠጋኝ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ በወርክሾፓችን ቦይለሩ ጤነኛ ነው ብሎ የፈረመ ሰው፣ በመጀመሪያው ጉዞ ከእሳት አንዳጁ ጎን ይቆማል። ያን ጊዜ የፈረሙት አለቃ ሆዴን ቆረጠኝ ብለው ቀርተዋል። ዘንድሮ ወረቀቱ ላይ ያለው የእርስዎ ፊርማ ነው። ለወንድሜ ልጅ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ እርስዎ ባቡሩ ላይ ወጥተው ከጎኑ እስኪቆሙ ድረስ ክብሪት አልጭርም ብሏል። ሙሉ ልብስዎ ጥላሸት እንዳይነካው፣ ወንድሜ በዚያ ቀን ያልለበሰውን ቅያሪ ቱታ አጥቤ ተኩሼ ማንደጃው በር አጠገብ ሰቅዬልዎታለሁ። ቁመታችሁ አንድ ነው።