ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲጠብቁ

እማምዬ፣

ከተለየሽን የሙት ዓመትሽ አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። እኛ ደህና ነን። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ያረፍሽበትን ቦታ አባባ በድንጋይ አስከብቦታል። ቤታችን መብራት ገብቶለታል፤ አባባ ግን ቆጣሪው ይሮጣል እያለ በጊዜ ያጠፋዋል።

ታናሿ እህቴ አስቴር አድጋለች። የሚያሳድጋት አባባ ነው፤ እሱ ደግሞ እንዳንቺ አይደለም። ወፍጮ ቤት ብቻዋን ይልካታል። ባለፈው ተራዋን ቢቀሟት ተጣልታ፣ እህሉን አስፈጭታ፣ ፀጉሯ ዱቄት ለብሶ እየሳቀች መጣች። እኔ በሷ ዕድሜ ብቻዬን ከበራፍ አልፌ አላውቅም።

ሰው ደህና ነሽ ወይ ሲለኝ እንኳን እግዜር ይመስገን የምትዪልኝ አንቺ ነበርሽ። ክሊኒክ ስንሄድ ድሬሰሩ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ብሎ እኔን ይጠይቃል፣ አንቺ ሆዷን ነው ትዪዋለሽ፤ እኔም ሆዴን ያመኝ ይጀምራል። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረሻልና አልፈርድብሽም። ፈርተሽ ነው። ግን ፍርሃትሽን እኔም ወረስኩት። ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬ እንኳን፣ አለቃዬ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ዓይኔ የሚመልስልኝ ሰው ይፈልጋል።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌ መጣ። ለእንጨት ነጋዴው ለጋሽ ሽፈራው ልጅ ሊጠይቁኝ ነው። አባባ ተቀመጡ ቢላቸው፣ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። በወጉማ ቢሆን አባባም ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣቸው ነበር። እሱ ግን ከጓዳ ጠራኝና፣ ልጄ ሠርታ የምታድር ናት፣ አፍ አላት፣ እሷኑ ጠይቋት አላቸው! ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ ከሁሉም የባስኩት ግን እኔ ነኝ። እነሱ ቆመው እኔን ሲጠብቁ፣ እኔ አንቺን ጠበቅሁ። ዝም አልሽ። እውነት መሞትሽ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ልጁ ክፉ አይደለም። አንቺ ብትኖሪ እሺ ትዪላቸው ነበር፤ እኔም አገባው ነበር። አክብራችሁን ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ግን ገና ነኝ፣ የማታ ትምህርቴን መጨረስ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ሳይቀመጡ ሄዱ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ አባባን ያማል፤ እሱ ይስቃል። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ቆጭቶኝ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አፍ ስመልስ አንቺ ስላልሰማሽኝ ነው።

እማምዬ፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም። የሚገጥመኝን ሁሉ እየመጣሁ እነግርሻለሁ። የምነግርሽ ግን ከወሰንኩ በኋላ ነው።

ልጅሽ አልማዝ