አቶ ሰብስቤ ወልደየሱስ በእንግሊዝኛ ብቻ የተናገሩት

አቶ ሰብስቤ ወልደየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየሱስ ገብሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደምሴ በጥቅምት ወር 1939 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በምድር ባቡር ጣቢያው ትኬት ይሸጡ ነበር። አቶ ሰብስቤ የቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን በቀብራቸው ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ጀማነህ የተወለደው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ጀማነህ ወንድሙን ጋሼ እያለ አደገ። ጋሼ የተባለን ሰው ደግሞ ማን ደፍሮ ብዙ ይጠይቃል?

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በናዝሬት ካጠናቀቁ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብተው በ1959 ዓ.ም. በጸሐፊነት ሙያ ተመረቁ። በተከታዩ ዓመት በናዝሬት ማዘጋጃ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኑ። የእጅ ጽሕፈታቸው የታተመ ይመስል ስለነበር፣ የሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ለማስጻፍ እሳቸው ቤት ሰልፍ ይዞ ይውል ነበር። እናታቸው በዚህ ይኮሩም ይማረሩም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው፣ ጀማነህ ባለፈው ረቡዕ እንደጻፈው ነው። ቀጥሎ የነበረው ዓረፍተ ነገር «ከ1968 እስከ 1971 ዓ.ም. በልዩ ልዩ የመንግሥት ሥራዎች አገልግለዋል» የሚል ነበር። እንዲህ ያለውን በየቀብሩ እንሰማዋለን። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን እናልፈዋለን እንጂ የምን ሥራ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጀማነህ በነዚያ ዓመታት ድሬዳዋ አክስቱ ዘንድ ይማር ነበር፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም። ጽሑፉም ለኅትመት ተልኮ ነበር። ሐሙስ ዕለት በስልክ ያስቆመው ለምን እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ተስማምቶ ከዚህ በታች እንዲነገር አድርጓል።

አቶ ሰብስቤ በ1971 ዓ.ም. መጨረሻ በባቡር መስመሩ ጅቡቲ ገቡ። በዚያም በስደተኞች መካከል ወንጌልን ሰምተው ጌታን ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ አሜሪካ መጥተው ኮሎምበስ ተቀመጡ። በ1981 ከወይዘሮ ሙሉወርቅ ጋር ጋብቻ መሥርተው ናርዲንና ቶሚን ወለዱ። በመጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠሩ፤ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በአንድ ነርሲንግ ሆም አረጋውያንን ተንከባከቡ። ደብል ሺፍት ሠርተው ሲመጡ እንኳ ፊታቸው አይጠቁርም ነበር። ጀማነህ በ1988 ሲመጣ ፎረስት ፓርክ ባለው ቤታቸው ሁለት ዓመት አስቀምጠው፣ መኪና መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እንደ ኮስታራ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ሚዜ፤ ሲሳሳት አብረውት እየሳቁ።

በ1992 ወይዘሮ ፋንታዬ ይርዳው የምትባል የናዝሬት ሰው ኮሎምበስ አጠገብ ሬይኖልድስበርግ መጥታ መኖር ጀመረች። አንድ እሑድ ከጓደኛዋ ጋር ቤተ ክርስቲያናችን መጥታ አቶ ሰብስቤን ስታይ፣ «ጋሼ ሰብስቤ! የኔ ባለውለታ!» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ለተሰበሰበውም ሰው አስረዳች። ወንድሟ አብርሃም በ1970 ዓ.ም. ሲታሰር፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ እንደ ውሻ ሲያባርራት፣ ወንበር ስበው ያስቀመጧትና «ተለቋል፤ አይዞሽ» ያሏት እሳቸው ነበሩ። አብርሃም ግን ቤት አልደረሰም። ጫካ ገብቶ ወይም ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል እያሉ ቤተሰቡ በተስፋ ኖረ። እናቷ ድንገት ቢመጣ ብለው የውጭውን በር ሳይቀረቅሩ አሥራ አንድ ዓመት አድረው ሞቱ። ከዚያን እሑድ ጀምሮ ወይዘሮ ፋንታዬ በየበዓሉ ዳቦ ይዛ ፎረስት ፓርክ ትመጣ ነበር። አቶ ሰብስቤ ዳቦውን ቆርሰው ለሰው ያድላሉ። እሳቸው ሲቀምሱ ያየ የለም፤ ይህንንም እኛ ያስተዋልነው አሁን ነው።

በ1993 ሂልቶፕ፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ የሚሰበሰብ ማኅበር ተቀላቀሉ። አባላቱ አምባገነን ሲገዛቸው ከነበሩ አገሮች የመጡ ናቸው፤ ቺሊያዊ አናጢ፣ ሩማንያዊት የጥርስ ሐኪም፣ ሁለት ፖላንዳውያንና አንድ የማላዊ ተማሪ ነበሩበት። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እየተገናኙ፣ እኛ አገር ምን ተበላሸ፣ ምንስ በጀ የሚለውን በእንግሊዝኛ ያወሩና በካሴት ቀድተው፣ ገና ነፃ ምርጫ ሊያደርጉ ለሚዘጋጁ አገሮች ይልካሉ። አቶ ሰብስቤ የሚናገሩት ስለ መዝገብ ነበር። የመራጮች መዝገብ በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ እያንዳንዱ ሰው ስሙን በዓይኑ ይይ፣ ለማያነብም ይነበብለት ይሉ ነበር። በ1994 ቬኬሽናቸውን ወስደው ማላዊ ሄዱና ለሁለት ሳምንት መዝጋቢዎችን አሠለጠኑ። ሲመለሱ በቤተ ክርስቲያን ተጨበጨበላቸው። «ቀይ ሽብርን ያየ ሰው ዛሬ ለዓለም ዲሞክራሲ አስተማረ» ብሎ ማስታወቂያውን የተናገረው ጀማነህ ነው። ያየ ማለት የተገረፈ፣ የታሰረ መስሎት ነበር። አቶ ሰብስቤ በዚያን ቀን ከጭብጨባው መሐል ተነሥተው ወጡ፤ እኛም ትሕትና ነው አልን።

ባለፈው ማክሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1997፣ ጠዋት ሥራ ቦታቸው ደርሰው መኪናቸውን አቁመው እንደተቀመጡ በልብ ድካም ዐረፉ። ከደም ግፊት በስተቀር የሚታወቅ ሕመም አልነበራቸውም። ሰኞ ከሰዓት ቶሚን ጫማ ገዝተውለት ነበር። በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ ሳይሰናበቱ፣ እንዲህ በድንገት! ቤተሰቡ ገና ያልሰማ ይመስል በደነገጠበት ደርቆ ነው የሰነበተው።

ሐሙስ ጠዋት ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ ሩማንያዊቷ ሐኪም መጣች። ልጆቹ የአባታቸውን ድምፅ ይስሙ ብላ ካሴቶቹን በካርቶን ይዛ ነበር። ናርዲ አንዱን ሳሎን ባለው ቴፕ ውስጥ ከተተችው። ድምፃቸው እንደተሰማ ቤቱ በእሪታ ተናጋ። እናቶቻችን እንግሊዝኛውን አልያዙትም፤ ያለቀሱት ለድምፁ ነው። ወይዘሮ ፋንታዬ ደረቷን እየደቃች «ድምፁን! ድምፁን! የኔ ደግ!» ትል ነበር። ናርዲ ግን ቃሉንም ትሰማለች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ተነሥታ ቴፑን አጠፋችው። ጀማነህን በእጅጌው ጎትታ ወደ ውጭ አወጣችውና፣ «አንክል፣ ዳድ ምንድን ነው የሚለው? ሪል ነው እንዴ?» አለችው።

መኪና ውስጥ ገብተው በመኪናው ቴፕ ከመጀመሪያው ሰሙት። አቶ ሰብስቤ የሚሉት ይህን ነው። በነዚያ ዓመታት የቀበሌያቸው ጸሐፊ ነበሩ። የሚታሰሩትን ሰዎች ዝርዝር የጻፉት እሳቸው ናቸው። የታሰሩት ሲገደሉ፣ በሊቀ መንበሩ ትእዛዝ ከስማቸው ፊት «ተለቋል» ብለው የጻፉትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ስም እንዲያጣሩ በጭነት መኪና ተወስደው፣ ሰባት ልጆች ተረሽነው ሲቀበሩ ቆመው አይተዋል። አንደኛው ሰማያዊ ሹራብ ገልብጦ የለበሰው አብርሃም ይርዳው ነበር። እህቱ በማግስቱ ስትመጣ ወንበር ሳቡላትና ተለቋል አሏት።

ከዚያም ሽግግር ላይ ላሉ አገሮች ምክር ብለው የተናገሩትን ናርዲ እንዲህ ተርጉማዋለች፦ «ጠመንጃ የያዘውን ብቻ አትፈልጉ። ጸሐፊውንም ፈልጉት፤ የት እንደተቀበሩ እሱ ያውቃል። ካልጠየቃችሁት አይናገርም። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ይህን ለሩቅ አገር ሰዎች መናገር ችያለሁ። ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ለምትኖር አንዲት ሴት፣ በራሴ ቋንቋ፣ አልቻልኩም።»

ጀማነህ ክው አለ። ያ መኪና መንዳት ያስተማረው፣ ያ ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቅ ሰው! በመጀመሪያ ካሴቱን ሊሰብረው ቃጣው፤ ይህንንም ሳይደብቅ ጽፎታል። ናርዲ ናት ከእጁ የነጠቀችው። ነገሩን የሰሙ አንድ ሽማግሌ፣ ልጆቹ አንገታቸውን እንዳይደፉ ከቀብሩ በኋላ ቀስ ተብሎ ይታይ ብለው መከሩ። ቀስ ብሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ መቼም አይታይም ማለት ነው። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲሰሙ ቆይተው፣ «አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ፤ ለኔም አልነገረኝም። እሱ ለሃያ ዓመት የሸፈነውን እኔ በአፈር አልሸፍንለትም። ፋንታዬ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብላ ባለውለታዬ እያለች ስታለቅስለት አላየሃትም?» አሉት።

አርብ ዕለት ወይዘሮ ሙሉወርቅ፣ ጀማነህና ናርዲ ሬይኖልድስበርግ ሄዱ። የተናገሩት ወይዘሮ ሙሉወርቅ ናቸው። ወይዘሮ ፋንታዬ መጀመሪያ አላመነችም፤ እንዲያውም ተቆጣች። «ሐዘን አናግሯችሁ ነው እንጂ ጋሼ ሰብስቤ እንዲህ አያደርግም» አለች። ናርዲ በተሰባበረ አማርኛዋ ስለ ተገለበጠው ሰማያዊ ሹራብ ስትነግራት ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ ያቀበልኩት» አለች። «ሲወስዱት ይበርደዋል ብዬ እኔ ነኝ የወረወርኩለት።» ከዚያ የጠየቀችው «የት?» ብቻ ነበር። ጀማነህ ከካሴቱ የሰማውን ቦታ ነገራት።

ይቅር በዪን ሊል አፉን ሲከፍት በእጇ አቆመችው። «እሱን ዛሬ እንዳትጠይቁኝ። እናቴ እርሟን ሳታወጣ ሞታለች። ነገ ሰው ሁሉ ባለበት፣ በአማርኛ ይነበብ። የወንድሜም የሕይወት ታሪክ አብሮ ይነበብ። ለሱ ማን አንብቦለት ያውቃል?» አለች። የአቶ ሰብስቤን ነፍስ በተመለከተ ምን ይባል ሲላት፣ «እኔ ምንም አልልም። ለፈጠረው ተዉለት» አለች። ቤተሰቡም በቃሏ ይህን ለእግዚአብሔር ትቷል።

አቶ ሰብስቤ ባለትዳርና የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ወንድማቸው ጀማነህ ይወዳቸው ነበር፤ አሁንም ይወዳቸዋል፤ እንዲህ እያወቀ እንዴት እንደሚወዳቸው ግን አያውቅም። ካሴቶቹ ለወይዘሮ ፋንታዬ ተሰጥተዋል። በእነሱ ላይ ስማቸው ለተጠራው ለሌሎቹ ስድስት ልጆች ቤተሰቦችም ደብዳቤ ተጽፏል።

ቀጥሎ ያለው ወይዘሮ ፋንታዬ ትናንት ስትናገር ጀማነህ የጻፈው ነው። ጉባኤው ለዚህ እንዲቆም ቤተሰቡ በትሕትና ይጠይቃል።

አብርሃም ይርዳው ከአባቱ ከአቶ ይርዳው ሸንቁጤና ከእናቱ ከወይዘሮ ዘነበወርቅ በኅዳር ወር 1951 ዓ.ም. በናዝሬት ተወለደ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ሒሳብ ይወድ ነበር። ኳስ ሲጫወት በረኛ ነበር፤ ግን ጎበዝ በረኛ አልነበረም። ለእህቱ ፋንታዬ ብስክሌት አስተምሯታል። ታኅሣሥ 21 ቀን 1970 ዓ.ም. ተገደለ። የተቀበረው ከናዝሬት ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ ከአሮጌው የጡብ ማቃጠያ ጀርባ ነው። አልተለቀቀም። ጫካ አልገባም። ሱዳን አልተሻገረም። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። እግዚአብሔር ነፍሱን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑራት፤ እናቱንም እዚያ ያገናኘው።